የቮልሷ የኋላ እግር

የዓለምወርቅ ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው ግንቦት ላይ፣ ባሏን ከፊዚዮቴራፒ ይዛው ስትመለስ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሰፈራቸው የሚያስገባውን ዳገት ስትያያዘው ከቮልሷ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ያለ ጉርምርምታ መጣ። ስትፈጥን ይብሳል፣ ስትቀንስ ይረግባል። ማርሽ ብትነቅልም አይጠፋም። ዞር ብላ ባሏን አየችው። ይገዙ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ በመንገዱ ዳር ወደተደረደሩት ልባሽ ጫማዎች ያያል።

«ትሰማዋለህ?» አለችው።

«እሺ» አለ።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ለይገዙ የቀሩት ቃላት ሦስት ናቸው፤ «እሺ»፣ «እምቢ» እና «እሱን»። በእነዚህ ሦስት ቃላት ውሃ ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ ያመሰግናል። የዓለምወርቅ ሦስቱን ቃላት በድምፁ አወጣጥ ወደ ሠላሳ ያህል ትርጉም መንዝራ ታውቃቸዋለች። የዚያን ቀኑን «እሺ» ግን ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ሰምቶታል፣ ፊቱን ያዞረው አዝኖ ነው ብላ ደመደመች።

እንዲህ ብላ ማሰቧ አይፈረድባትም። ይገዙ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ግቢያቸው ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ቮልስ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሌላ መኪና አይነካም ነበር። ሰው መኪናውን ይዞ ገና መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ይገዙ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል ይባል ነበር። የዓለምወርቅ ይህን ከሰው አልሰማችውም፤ ራሷ አይታዋለች። አንድ ቀን ምሳ እየበላ፣ እጁ ወጥ ላይ እንዳለ፣ «የፊት ቀኝ ኩሽኔት» አለና ጉርሻውን ዋጠ። መኪናው በሩ ላይ ደርሶ ሲቆም ባለመኪናው ወርዶ ያለው ይኸው ነው፤ ከፊት በቀኝ በኩል ይጮኽብኛል።

እሷን ግን ጋራዡ አጠገብ አያስደርሳትም ነበር። እሷ የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው እዚያ። «ግራሶው ጥፍርሽ ውስጥ ይቀርና የበሽተኛውን አንሶላ ታቆሽሺዋለሽ» ይላታል። ምሳ ይዛ ስትመጣ እንኳ ከጥላው ውጭ ቆማ ነው የምትጠራው። ስለዚህ የዓለምወርቅ የመካኒክ ሚስት ሆና አንድ ብሎን ፈትታ አታውቅም።

ስትሮኩ የመታው ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በፊት፣ ጠዋት እጁን እየታጠበ ሳለ ነው። ሳሙናው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ አለ፣ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሱ አይደሉም። ጋራዡም ውሎ አድሮ ተዘጋ። አብሮት አስራ ስድስት ዓመት የሠራው ደቻሳ ጥቂት ወር ብቻውን ሞከረና አካባቢው ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር ወደ ለገጣፎ ሄደ። አንዲት ልጃቸው ሃና ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ በየማታው ትደውላለች። የዓለምወርቅ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ በሽተኛ ይዞ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ስላልቻለች። የጋራዡ ዕቃ ሁሉ፣ መፍቻው፣ ክሪኩ፣ መንቀያው፣ በረንዳው ጫፍ ላይ በሁለት ትልልቅ የብረት ሣጥኖች ውስጥ ተቀመጠ። መኪናዋም አንዲት አመድማ ቮልስ፣ ይገዙ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ሰው የተገለገለባት፣ ቀረችላቸው።

የዓለምወርቅን ተስፋ ያቆየላት አንድ ነገር ነው። ይገዙ ሁልጊዜ ንጋት ላይ አባታችን ሆይ ይደግማል። ሦስት ቃል ብቻ የቀረው ሰው፣ ግድግዳውን ይዞ ተነስቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞርና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳይስት ይወጣዋል። አሜን ካለ በኋላ ወደሷ ሲዞር ደግሞ «እሱን» ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትሰማው ከአልጋዋ ተነስታ እስከ አሜን ቆማ አዳመጠችው። ያ ሁሉ ቃል ውስጡ አለ ማለት ነው። ሰውየው ሙሉ ነው፤ በሩ ብቻ ነው የተዘጋው። ይህን ለሃናም፣ ለጎረቤትም፣ ለነፍስ አባቷም ነግራለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሊድያ፣ ለስላሳ አነጋገር ያላት ወጣት፣ አንድ ጊዜ «እጁን የሚያውቀውን ሥራ ያሠሩት፤ ጣቶቹ እንዳይደርቁ» ብላት ነበር። የዓለምወርቅ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የያዘችው መጀመሪያውን ነው። የሚያውቀውን ሥራ።

ጉርምርምታው በሰኔ መጨረሻ ጩኸት ሆነ። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ወደ አንዱ ጋራዥ አትወስጂያትም?» ይሏታል። አንድ ቀን ልትወስዳት ቁልፉን ስታነሳ ይገዙ ከወንበሩ ተነስቶ በግራ እጁ የእጇን አንጓ ያዘ። «እምቢ» አለ። ያ «እምቢ» ግልጽ ነበር። ይቺን መኪና እሱ ከገዛት ወዲህ ሌላ መካኒክ ነክቷት አያውቅም። የዓለምወርቅ ቁልፉን መልሳ ሰቀለችና ያኔውኑ ወሰነች። እኔ እጅ እሆናለሁ፣ እሱ ጭንቅላት ይሆናል። ሥራው ራሱ ይቀሰቅሰዋል። እንዲያውም ጩኸቱን እግዚአብሔር የላከላት መሰላት።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሶማሌ ተራ ሄደች፤ ጩኸቱ ያን ቀን በምሳ ላይ ይገዙ «ኩሽኔት» ያለው ዓይነት ስለነበር፣ ለሁለቱም የኋላ እግሮች ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔትና ዘይት መከልከያውን ጎማ ገዛች። ሻጩ የመኪናዋን ዓመተ ምሕረት ጠይቋት «ማን ነው የሚገጥምልሽ?» አላት።

«ባለቤቴ» አለችው። ቃሉን ስትናገር ደስ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ የይገዙን ወንበር አውጥታ ቮልሷ አጠገብ አደረገችለት። የድሮ የሥራ ካፖርቱን ከሻንጣ አውጥታ አለበሰችው። ራሷ የሆስፒታሉን አሮጌ ሰማያዊ ሽርጥ አሰረች። ኩሽኔቱን ከነወረቀቱ እጁ ላይ አኖረችለት። ይገዙ በአውራ ጣቱ ወረቀቱን ገለጠና ብረቱን አዞረው፤ ጆሮው አጠገብ ወስዶ ደግሞ አዞረው። ሳቀ። ግማሽ አፉ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ግን ሳቀ።

«ከየት ነው የምንጀምረው?» አለችው።

«እሱን» አለ፣ በግራ እጁ ወደ ሣጥኑ እያመለከተ።

ረጅሙን መፍቻ ነው የፈለገው፣ የጎማው መካከል ላይ ላለው ትልቅ ዳዶ የሚሆነውን። በክሪክ ከማንሳቷ በፊት፣ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች፣ ያን ዳዶ ማላላት እንዳለባት አሳያት። መቆለፊያውን ሽቦ በፒንሳ አስነቀላት። ከዚያ መፍቻውን አስገብታ ተንጠለጠለችበት፣ አልነቃነቅ አለ። ቆመችበት፣ አልነቃነቅ አለ። ይገዙ በምርኩዙ ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆመ፤ እዚያ አንድ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አለ። መፍቻው እጀታ ላይ ሰካችው፤ እጀታው ከቁመቷ በለጠ። ሁለት እጇን ጫፉ ላይ አድርጋ ክብደቷን ጣለችበት። ብረቱ እንደ ጥይት ጮኸና ተላቀቀ፤ እሷ በጉልበቷ ወደቀች።

«እሺ» አለ ይገዙ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ያቺ ጠዋት ከሁለት ዓመት ወዲህ ካዩት ቀን ሁሉ ትበልጥ ነበር። የዓለምወርቅ በኋላ ስታወራት እንኳ ድምፅዋ ይለወጣል። መኪናዋን አነሳች፣ ሥሯ ድንጋይ አስገባች፣ ጎማውን አወረደች። የእጅ ፍሬኑን እንድታላላ አሳያት። ፍሬኑን የሚሸፍነውን ክብ ብረት በመንቀያው አወጣች። ሲወጣ የሃያ ዓመት ጥቁር አቧራ ፊቷ ላይ ፈሰሰ። የፍሬኑን ዘይት መስመር ፈትታ በጨርቅ ቋጠረችው። የኩሽኔቱን ክዳን የያዙትን አራት ብሎኖች ከፈታች በኋላ ከዘንጉ ላይ አንድ በአንድ ወጡ፤ ወፍራሙ ቀለበት፣ ዘይት የሚመልሰው ሰፊ ጠፍጣፋ ቀለበት፣ ቀጭኗ የጎማ ቀለበት፣ ራሱ ኩሽኔቱ፣ ከውስጥ ደግሞ አንድ ሌላ ቀለበት። የወጣውን ሁሉ ለይገዙ ትሰጠዋለች። እሱ መሬት ላይ በተነጠፈው ጆንያ ላይ፣ እንደ አወጣጡ፣ በመስመር ይደረድረዋል። ግራ እጁ አይሳሳትም። የቀኝ እጁን ጣቶች እንኳ በግራው ይዞ ቀለበቶቹ ላይ ያስነካቸው ነበር።

አሮጌውን ኩሽኔት አዞረችው። በውስጡ አሸዋ ያለ ይመስል ተንኮሻኮሸ። «ይኸው እኮ ነው ያስጮኻት» አለችው። «አንተ ከግንቦት ጀምሮ አውቀኸዋል፣ አይደል?»

«እሺ።»

ከዚያ ምሳ ልታቀርብ ወደ ቤት ገባች። ሩብ ሰዓት ያህል ብትቆይ ነው። ስትመለስ ይገዙ ቀለበቶቹን ሁሉ በቤንዚን አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ጆንያው ላይ መልሶ ደርድሯቸዋል። ያብረቀርቃሉ። የዓለምወርቅ አመሰገነችው። ሲፈታ እንዴት ተደርድረው እንደነበር በስልኳ ፎቶ ማንሳት ትችል ነበር፤ ግን አላሰበችውም፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ይገዙ ነው።

ከሰዓት ገጠሙ። እሱ ያቀብላል፣ እሷ ትገጥማለች። አዲሱን ኩሽኔት ግራሶ ሞልታ፣ እንጨት ደግፋ በመዶሻ ቀስ እያለች አስገባችው። ከዚያ በፊት ግን ሰፊውን ጠፍጣፋ ቀለበት ነው የሰጣት። አንድ ጊዜ ቆም ብላ «ይቺ ከዚህ ነበረች?» አለችው። ይገዙ አልተጠራጠረም። «እሱን» አለ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ጣቱን ወደ ዘንጉ እየቀሰረ። አስገባችው። ሁሉን መልሳ አሰረች፤ የፍሬኑን አየር ልታስወጣ እሱን መኪናው ውስጥ አስቀመጠችው። «ርገጥ» ስትለው በደህና እግሩ ይረግጣል፣ «ልቀቅ» ስትለው ይለቃል። ዳዶውን በቧንቧው አጠበቀችና አዲስ መቆለፊያ ሽቦ አስገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አጠገቧ አስቀምጣው ወጡ። በግራ በኩል የነበረው ጩኸት የለም። ከቀኝ በኩል ትንሽ ማጉረምረም አለ፣ እሱ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። የዓለምወርቅ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ወጣች፣ ዛፎቹ እስኪጀምሩ ድረስ፤ ከዚያ አዞረችና ወደ ዊንጌት ቁልቁል ለቀቀቻት። ለሃና ማታ የምትነግራትን እያሰበች ነበር። አባትሽ ሠራት እላታለሁ። እኔ እጅ ብቻ ነበርኩ እላታለሁ።

ሽታው የመጣው ቁልቁለቱ መሀል ላይ ነው። የሚቃጠል ዘይት ሽታ። መጀመሪያ ከፊቷ ካለው አይሱዙ የጭነት መኪና የመጣ መሰላት። ፍሬን ስትይዝ ግን መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎተተቻት። ደግማ ያዘች፣ ፔዳሉ አለ፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ታች፣ የእግረኛ መሻገሪያው ላይ፣ ከማጠናከሪያ ትምህርት የተለቀቁ ተማሪዎች በቡድን ይሻገራሉ። የዓለምወርቅ ጥሩምባዋን ነፋች፣ የእጅ ፍሬኑን ባላት ጉልበት ሁሉ ሳበች። ቮልሷ ተንሸራታ የመሻገሪያውን መስመር አልፋ ቆመች። አንዲት ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ እጇን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አሳርፋ ቆማለች፤ እሷ መኪናዋን ያስቆመቻት ይመስል። ለጥቂት ጊዜ ተያዩ። ልጅቷ እጇን አንስታ አለፈች።

የዓለምወርቅ መሪውን መልቀቅ አልቻለችም። ዞር ብላ ባሏን አየችው።

ይገዙ ገና ግማሽ ሳቁ ፊቱ ላይ ነው። ጭሱ በመስኮት እየገባ ነው፤ ሽታው ያንቃል። ይህ ሰው ሌላ መኪና ውስጥ ተቀምጦ በሽታ ብቻ የሚቃጠለው ክላች ይሁን ፍሬን ይለይ ነበር። አሁን በመሻገሪያው የሚያልፉትን ልጆች ያያል፣ ይስቃል።

«አይሸትህም?» አለችው። «ይገዙ። አይሸትህም?»

«እሺ» አለ።

ጥያቄዋን ተወችና ማርሽ አስገባች።

በአንደኛ ማርሽ፣ በመንገዱ ጠርዝ፣ እየቆመች እየሄደች ቤት ደረሱ። ጎማውን ደግማ አወለቀች። ክቡ ብረት ሲወጣ ውስጡ ዘይት ሞልቶታል፣ የፍሬኑ ሸራ ርሶ ይንጠባጠባል። የት እንደተሳሳተች አላወቀችም። እጇን ጠርጋ ለደቻሳ ደወለች።

ደቻሳ ሁሉን በጥሞና ሰማት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት። «እትዬ፣ ያቺ ሰፊዋ፣ ጠፍጣፋዋ ቀለበት አለች አይደል? ከኩሽኔቱ በፊት ነው ያስገባችኋት ወይስ ከኩሽኔቱ በኋላ?»

«በፊት።»

«በፊት?» አለ ደቻሳ ደግሞ።

«ምነው?» አለችው።

«በኋላ ነበረች። ዘይቱን የምትመልሰው እሷ ናት። ውስጥ ከገባች ዘይቱ ሁሉ ወደ ፍሬን ይሄዳል።» ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ማን ነው የሰጠሽ?» አላት።

«እሱ ነዋ።»

«ጋሼ?»

«አዎ።»

«ምናልባት አቧራ ገብቶ ዓይኑ...» አለና ተወው። ደቻሳ ውሸት አይሆንለትም። «እኔን ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር እሷን ነበር» አላት። «ዓይኔን በጨርቅ አስሮ ነበር የሚያስገጥመኝ።»

የዓለምወርቅ ስልኩን ሣጥኑ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገች። ደቻሳ ከለገጣፎ ሆኖ አንድ በአንድ ይነግራት ጀመር። የረሰውን ሸራ በቤንዚን እንድታጥብና በብርጭቆ ወረቀት እንድትፍቅ፣ ለጊዜው ይሠራል ሰኞ ግን እንድትቀይረው፤ ኩሽኔቱን መልሳ እንድታወጣ፤ ቀለበቶቹን በየትኛው ተራ እንደምትመልስ። እሷም አደረገች። ይገዙ ወንበሩ ላይ ሆኖ ስልኩን ያያል። የድሮ ሠራተኛውን ድምፅ ለይቶ ይሁን አይሁን አይታወቅም።

ጠፍጣፋዋ ቀለበት ጆንያው ላይ ነበረች። ልታነሳት ስትዘረጋ ይገዙ ቀድሟት አነሳት። ኩሽኔቱ ገና አልገባም። ተነስቶ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ወደ ዘንጉ መጣና ቀለበቷን ሊያስገባ ሞከረ።

«አይደለም፣ እሷ በኋላ ናት» አለችው።

«እምቢ።»

«ይገዙ፣ ደቻሳ እኮ ነው የነገረኝ። ስጠኝ።»

«እሱን» አለ። ቀለበቷን አልለቀቀም። «እሱን። እሱን።»

የዓለምወርቅ የባሏን እጅ ያዘች። በአንድ እጁ ብቻ ጠንካራ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ብሎን የፈታ እጅ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረባት። ቀለበቷ ከእጁ ስትወጣ ይገዙ ፊቷ ላይ አፍጥጦ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳይደናቀፍ፣ «ዞር በል ከዚህ፣ አታበላሽ» አላት።

በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ የነገራት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ልቧ ዘለለ። ወዲያው ግን ገባት። ‹ዞር በይ› አላላትም። ለሠራተኞቹ የሚላት፣ በቀን አስር ጊዜ ከጥላው ሥር የምትሰማት ያቺው አነጋገር ናት። ከአፉ የወጣችው አባታችን ሆይ በሚወጣበት መንገድ ነው፤ ሳይጠራት፣ ሳያውቃት፣ ለማንም ሳይላት። በየንጋቱ ስትሰማው የኖረችው ጸሎትም ያው መሆኑን ያኔ ነው የተረዳችው። በሩ አልተዘጋም። ከበሩ ጀርባ የቀረው ትንሽ ነው።

«እትዬ፣ አለሽ?» አላት ደቻሳ።

«አለሁ» አለችው። «ቀጥል።»

ይገዙ ወንበሩ ላይ አልተመለሰም። በምርኩዙ ወደ ቤት ገባ። እሷ አንድ ሰዓት ያህል ሠራችና ጨረሰች። ፍሬኑን የምትረግጥላት የጎረቤት ሴት ጠራች።

ማታ ሃና ስትደውል «አባዬ እንዴት ዋለ? አሠራሽው?» አለቻት። የዓለምወርቅ ልትዋሽ ነበር፤ አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ «አያውቀውም» አለቻት። «ረስቶታል ሃንዬ። ሥራውን ረስቶታል።» ሃና ስልኩ ላይ አለቀሰች። እናቲቱ አላለቀሰችም፤ ልጅቷን ማባበል ነበረባት።

ሰኞ ሊድያን ጠየቀቻት። ይገዙ በክፍሉ ውስጥ ከረዳቷ ጋር ኳስ ሲጨብጥ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው።

«እርስዎ ምን ጠብቀው ነበር?» አለቻት ሊድያ።

«የሚያውቀውን ሥራ አሠሪው ብለሽኝ የለ?»

«ለጣቶቹ ነበር ያልኩዎት።»

«ጭንቅላቱስ?»

ሊድያ ወለሉን አየች። «ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የሚመለሰው ጥቂት ነው። በመጣችሁ በስድስት ወሩ ነግሬዎት ነበር፣ እማማ። ሁለት ጊዜ ነግሬዎታለሁ።»

የዓለምወርቅ ለማስታወስ ሞከረች። እውነቷን ነው፤ ነግራታለች። አንድ ጊዜ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ። ወረቀቱን አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገብታው ነበር። ቤት ስትመለስ አወጣችና አነበበችው። ሁሉም ነገር ተጽፏል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የቀኙን ኩሽኔት ብቻዋን ቀየረችው። ይገዙን አልጠራችውም። ወንበሩን አላወጣችለትም። መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲያያት አየችው፣ ጥቂት ቆይታ ቀና ስትል የለም። የቀኙ ዳዶ እንደ ግራው አላስቸገራትም፤ ቧንቧውን ከመጀመሪያው ሰክታ ነው የጀመረችው። የወጣውን ቀለበት ሁሉ ፎቶ አነሳች። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰች። ቮልሷ አሁን ከኋላ ምንም ድምፅ የላትም፤ ዳገት ስትወጣ የራሷ ሞተር ብቻ ይሰማል። የዓለምወርቅን ግን ደስ አላላትም። ያ ጩኸት እያለ ገና የሚሞከር ነገር ነበረ።

ይገዙ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ጸሎቱን አልተወም፤ ፊዚዮቴራፒም ይሄዳል። ግን መኪናው ውስጥ ሲገባ ዳሽቦርዱን እንደ ድሮው በመዳፉ አይነካውም። ምን ያህል እንደገባው ማንም አያውቅም። የዓለምወርቅ አንዳንዴ ምንም አልገባውም ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ገብቶታል፣ ቀለበቷን ከእጁ የወሰድኩበትን ጊዜ ያውቀዋል ትላለች። የቱ እንደሚሻላት ራሷም አታውቅም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለደቻሳ ደውላ መጥቶ ዕቃውን እንዲወስድ ነገረችው። ደቻሳ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፒክአፕ ተውሶ መጣ። የይገዙን ጉልበት ሳመ። ይገዙ ራሱን ደባብሶት «እሺ» አለው፤ ያ «እሺ» ሞቅ ያለ ነበር፤ አወቀው መሰላቸው። ደቻሳ ሣጥኖቹን ለመጫን ሲከብዱት ዕቃውን እያወጣ ለየብቻ ይጭን ጀመር፤ የሚያነሳውን እያንዳንዱን መፍቻ ለይገዙ ያሳየዋል፣ እንደ ፈቃድ። ይገዙ ጥቂቶቹን አየ። ከዚያ ሰልችቶት ፊቱን አዞረ።

«እትዬ፣ አንዳንዱን አስቀሪ» አላት ደቻሳ። «አንቺም እኮ አሁን ትሠሪያለሽ።»

«አልፈልግም» አለችው። «ውሰደው።»

ፒክአፑ ከወጣ በኋላ ሣጥኖቹ የነበሩበትን የበረንዳውን ጫፍ ጠረገች። ሲሚንቶው ላይ ሁለት ደረቅ አራት ማዕዘኖች ቀርተዋል፤ ዙሪያቸው በዘይት ጠቁሯል። በኦሞ ፈተገችው፤ እሷ እድፍ ማስለቀቅ ሙያዋ ነው፤ ግን አልለቀቀም። ውሃው እስኪደርቅ ጠበቀችና የይገዙን ወንበር አምጥታ እዚያ አኖረችው። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ የምትቆየው በዚያ ጫፍ ነው። እጁን ይዛ አስቀመጠችው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ደረበችለት፣ የሰኞ የሥራ ልብሷን ልታጥብ ገባች።